የማያውቀን እጅ

ቲቸር ሉባባ ማረፏን በስልክ የነገረኝ ድሮ ያስተማረችው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ብርዱን ስራገም ነው የምውለው፤ ያን ጠዋትም ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። “ጋሽ ጌታሁን፣ ቲቸር አረፈች” አለኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም። ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ሞልቷል፤ ከተማው በሙሉ ቲቸር ብሎ የሚጠራት ግን አንዷን ነበር። ጥቂት ሳምንት ብቻ ታማ ነው የሄደችው። ቀብሯም እንደ ሙስሊም ደንብ በዕለቱ ተፈጽሟል፤ አልደረስኩበትም። በማግስቱ ላፕቶፔን በቦርሳ አንጠልጥዬ ለለቅሶ ወረድኩ። ለለቅሶ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል፤ እደርስበታለሁ።

እኔ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ማለት በእኛ አገር ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። ጠዋት አቧራ እጠርጋለሁ፣ ኮምፒውተሮቹን በላስቲክ እከድናለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱና አቧራው ከሰው በፊት ማሽን ይጨርሳል። ሉባባ ፊዚክስ ልታስተምር ተመድባ በመጣች ሰሞን በሩ ላይ ቆመችና ያንን ሁሉ ላስቲክ አየት አደረገችው።

“ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የከደኑት ለማን ነው?” አለችኝ።

የመንግሥት ንብረት መሆኑን ነገርኳት። መንግሥት መቼ መጥቶ ሊሠራበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በነገር ልትወጋኝ አልነበረም፤ መልሱን ለማወቅ ፈልጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው። እሷ እንዲህ ነበረች። ጥያቄዋ ተንኮል የለበትም፤ ስለዚህም ማምለጫ የለውም። በወሩ ላስቲኩ ተነስቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ ለፈለገ ሰው ሁሉ ተከፈተ። ባለ ሱቁም፣ የሆቴል አስተናጋጇም፣ ከቀወት ገበያ የመጣ ገበሬም ገብቶ ይቀመጥ ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማ አራግፉ እያልኩ እጮሃለሁ።

ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ስትራመድ የሚያሳድዷት ይመስላል። የተወለደችው ቀወት፣ ከሽንኩርት ገበሬ ቤት ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ መሬቱን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ሰዒድ ነው፤ እሷን ያስተማራትም እሱ ነው። አንድ ነገር አስረድታ ስትጨርስ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ታሳያለች፣ ሌላ የደበቅኩት የለም እንደማለት። ተማሪዎቹ ይህችን ነገር እየቀዱ ይሳሳቁባት ነበር። ከተማው ውስጥ ዕቃ አልደበቅኩም ብሎ የሚከራከር ባለ ሱቅ እንኳ እንደ ቲቸር መዳፉን ዘርግቶ ሲምል አይቻለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ መጣችና በውጭ አገር ያለ አንድ ኩባንያ ኳንተም ኮምፒውተሩን ለማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ ከፍቷል አለች። ሳቅኩ። መብራት ሳይጠፋ አንድ ገጽ አትሞ መጨረስ ስለት የሚያስገባበት ክፍል ውስጥ ቆመን ነው ይህን የምትለው። በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር፣ ከበረዶ በላይ በርዶ ካልተቀመጠ የማይሠራ ማሽን፣ ለሸዋ ሮቢት ተማሪ? ተቀመጠች፣ ስሟንና ኢሜይሏን አስገባች፣ ገባች። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ያላት የለም። ይህን ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፋኝ። እኔ እንኳ ለዚህች ክፍል ስንት ፊርማ አስፈርማለሁ።

ለልጆቹ ያስረዳችው በሳንቲም ነው። የእኛ ኮምፒውተር ውስጡ ሲፈተሽ እንደ አምፖል ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ያኛው ማሽን ግን አየር ላይ እንዳለ ሳንቲም ነው። ልዩነቱ፣ አየር ላይ ያለ ሳንቲም እንዴት እንደተወረወረ ያወቀ ሰው አወዳደቁን ሊገምት ይችላል፤ ይህኛው ግን እስኪለካ ድረስ ገማች የለውም። ያላወቅነው ስለተደበቀብን ሳይሆን ገና ስላልተቆረጠ ነው። አንዷ ተማሪ አላህም አያውቀውም ወይ ብላ ጠየቀቻት። “አላህ ያውቃል” አለች ሉባባ፣ “እኔ አላውቅም፣ ባለ ማሽኑም አያውቅም” ብላ መዳፏን ዘረጋች።

ልጆቹ ሳንቲሙን ጣልልን የሚል ትእዛዝ ለማሽኑ ደጋግመው ላኩ፤ መልሱ ዜሮ ወይም አንድ ሆኖ ይመለሳል። ዜሮና አንድ እኩል ይመጣሉ ብለው ሲጠብቁ ዜሮው በለጠ። ተሳስተናል ብለው ተደናገጡ። እሷ ግን ልጅ እንደተወለደላት ሰው ፊቷ በራ። በስክሪኑ ላይ የሚያስመስል ማሽን ቢሆን ይህ አይታይም ነበር፤ ይሄ እውነተኛ ዕቃ ስለሆነ ሙቀትም ንዝረትም ይነካዋል፣ ትንሽ ያዘነብላል አለች። “እንከን ካየህበት እውነተኛ ነው” የምትለው ንግግሯ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተያዘው። በኋላ ባልና ሚስትም ሲጣሉ ጎረቤት ይጠቅሳት ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ሰው ሉባባን ያወቃት በውሃው ነው።

በሉባባ አገር በቀወት ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ ሁለት ቦይ ያጠጣል። በበጋ ወንዙ ሲመነምን ለሁለቱ አይበቃም፤ አንዱ ቦይ ቀድሞ ይጠጣል፣ ሌላው ይጠብቃል። የቀደመው ሽንኩርቱን በጊዜ ይተክላል፣ የቀረው ችግኙን በመደብ ላይ ይዞ ፀሐይ ፀሐይ ያያል። ማን ይቅደም የሚለው በዕጣ ነው። ከጥንት ጀምሮ የአንዱ ቦይ ሰዎች ዕጣቸው ድንጋይ ነው፣ የሌላው የማሽላ አገዳ። ባለ ድንጋይና ባለ አገዳ ይባላሉ። ሰዒድ፣ የሉባባ ወንድም፣ ባለ አገዳ ነው።

ዕጣውን የሚያወጣው ደግሞ የአገሩ ሰው አይደለም። አስፋልቱ ዳር ወጥተው ጭነት መኪና ያስቆማሉ። ሾፌሩ ይጠየቃል፦ የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? እዚህ ያበላህ፣ ያጠጣህ ሰው አለ? ማንንም ካላወቀ ይወርዳል፤ ድንጋዩና አገዳው ሽርጥ ለብሰው ይቀመጣሉ፣ እሱ እጁን ከሥር ሰድዶ አንዱን ያወጣል። “የማያውቀን እጅ ያውጣው” ይላሉ። ማንጎ ተጭኖለት ይሸኛል። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ሳይ መሳቅ አማረኝ፣ በኋላ ግን ከብዙ ፍርድ ቤት ይሻላል አልኩ።

አንድ ዓመት አገዳው ወጣ። ሾፌሩ በዚያው ዕለት ጀውሃ ከተማ ላይ ከአንድ ባለ አገዳ ጋር ምሳ ሲበላ ታይቷል የሚል ወሬ ተከተለ። እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም አላውቅም። ድንጋይና አገዳ ደግሞ በእጅ ሲዳሰስ ይለያል፤ ምሳ የበላ እጅ የፈለገውን ያወጣል። ባለ ድንጋዮቹ ዕጣው ፈርሷል አሉ። ባለ አገዳዎቹ ውሃውን ከፈቱ። አካፋ ተነሳ፤ አንድ ሰው ክንዱን ተመታ። የውሃ አባቱ ጋሽ እንድሪስ፣ ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ሁለቱንም ቦይ ደፈኑት። ውሃው በመካከል አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግራና ቀኝ ችግኝ ይጠወልጋል። ሌላ ሾፌር እንዳይጠሩ፣ ከዚያ በኋላ የሚታመን ሾፌር ጠፋ።

ሁለቱ ወገኖች ወንዙ ዳር ባለው ትልቅ ሾላ ሥር በተሰበሰቡበት ጠዋት ሉባባ እኔን ከነላፕቶፔ ይዛኝ ሄደች። እዚህ ማንንም የማያውቅ፣ ምሳ የማይበላ እጅ አለ ብላ ተናገረች። ስለ ማሽኑ በሳንቲሙ አስረዳች። ማዘንበሉንም አልደበቀችም። ጋሽ እንድሪስ ጺማቸውን ይዘው ሰሙና ይሄ ነገር ጥንቆላ እንዳይሆን አሉ።

“ጥንቆላ ነገን ይጠይቃል፣ ጋሼ” አለቻቸው። “እኛ የጠየቅነው ነገር የለም። ዕጣ ነው የምንጥለው።”

 ቀጥላ የጠየቀችው እትዬ ዘሀራ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ባለ ድንጋይ፣ ምላሷ ከአካፋዋ የሚፈራ ሴት ናት። ብድግ አለችና “ወንድምሽ ባለ አገዳ አይደለም እንዴ፣ ልጄ?” አለቻት። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

“ነው” አለች ሉባባ። “ስለዚህ እኔን አትመኑኝ። እትዬ፣ ስልክዎን ያውጡ።”

ዘሀራ ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላት ስልክ ነበራት፤ ከእኔ ላፕቶፕ ይሻላል። ሉባባ ሐሳቧን ተናገረች። ማሽኑ ለእኔ ብቻ የተከፈተ አይደለም፣ ለማንም ነው። ከየቦዩ አንድ ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ስም ይግባ። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይጣል። ሁለቱ ስልኮች ተመሳሳይ ካመጡ ድንጋዩ ይቀድማል፣ ከተለያዩ አገዳው። አንዱ ቢያጭበረብር እንኳ የሌላውን ስለማያውቅ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ማዘንበሉም ሁለት ሲሆኑ በጣም ይቀንሳል። ከዚያም እኔን ዞር ብላ አየችኝና ላፕቶፑን እንድዘጋ ነገረችኝ። ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ዘሀራ ለመማር ጥቂት ቀን ፈጀባት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን ጎትቶ መስመሩ ላይ ማሳረፍ፣ ከጎኗ መለኪያውን ማድረግ፣ መላክ፤ ይኸው ነው። ማታ ቤቷ ብቻዋን እየላከች ትሞክር እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሉባባ የደበቀቻት ተንኮል ካለ ልትይዛት ፈልጋ ነበር፤ አላገኘችም።

በዕጣው ቀን ዘሀራና የባለ አገዳዎቹ ተወካይ ሾላው ሥር ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ሁለቱም ላኩ። መልስ የለም። ወረፋ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ሰው ሁሉ ወደዚያ ማሽን ሥራ ይልካል፣ ስልኩም ከፊታችሁ ይህን ያህል ሰው አለ ይላል። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲሰሙ ተነሱ። ከፊታችን ያሉት እነማን ናቸው? አለቃ አለው? የሚቀድም አለ? ሉባባ ተማሪም፣ ተመራማሪም፣ ማንም ሊሆን ይችላል አለቻቸው።

“እስቲ ወደዚያ ማሽን ዘበኛ ላኪበት፤ ሽንኩርት እየደረቀ ነው በይው” አሏት።

“አይሆንም፣ ጋሼ። ተራ ነው።”

“ገንዘብ ላለውስ?”

“በዚህ በነጻው በኩል የገባ ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። እኔም ጠብቄያለሁ።”

ጋሽ እንድሪስ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። “ወላሂ፣ ወዲያው መልስ ቢሰጥ ኖሮ ይህች ልጅ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች እል ነበር” አሉ። “ተራ የሚያስጠብቅ ከሆነ ግን አላምንም ልል አልችልም። እኔም የምሠራው ይሄንኑ ነው።” እሷ ስለ ሳንቲምና ስለ ቅንጣት ስታስረዳ የሰነበተችው ሁሉ ያላሳመናቸውን ሽማግሌ ወረፋው አሳመናቸው። ሉባባ ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

መልሱ መጣ። የዘሀራ ዜሮ፣ የሰውየው አንድ። ተለያዩ። አገዳው ወጣ፤ የሰዒድ ቦይ ማለት ነው።

 ማጉረምረም ተነሳ፤ የእህት ዕጣ የሚል ቃል ከኋላ ተሰማ። ሰዒድ ፊቱ ጠቆረ። ጨዋ ሰው ነው። እህቱን ወደ ጎን ጠርቶ ይደገም፣ ካልሆነም ተራዬን ለባለ ድንጋዮቹ ልልቀቅ፣ ስምሽ ከሚጠፋ ሽንኩርቴ ይጥፋ አላት። አጠገባቸው ነበርኩ።

“ስሜን ለእኔ ተወው” አለችው። “ያልወደድነውን የምንደግመው ከሆነ ዕጣ አይደለም። ልቀቅ ያልከውም የአንተ ብቻ አይደለም፤ የቦይህ ሰው ሁሉ ነው።”

ሰዒድ ያን ቀን ተቆጥቶ ሄደ። እኔም በልቤ ልጅቱ ግትር ናት ብያለሁ፤ ምን ነበረበት አንድ ጊዜ ቢደገም? ማጉረምረሙን ያቆሙት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ወደ ዘሀራ ዞረው ግማሹን ዕጣ የጣልሽው አንቺው ነሽ፣ ማንን ትከሻለሽ አሏት። ዘሀራ ስልኳን አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ውሃው ለባለ አገዳዎቹ ተከፈተ፤ አካፋም አልተነሳም።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ የማልረሳት ግን ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ክፍሉን ከፍቼ ብጠብቃት አልመጣችም። ባጃጅ ተሳፍሬ ስፈልጋት በዘሀራ ማሳ ላይ አገኘኋት፤ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ሸብ አድርጋ ከጀሪካን ውሃ በጣሳ እየቀዳች የሽንኩርት መደብ ታጠጣለች። ጀሪካኑን ከወንዝ የሚያመላልሱት የሰዒድ አህዮች ናቸው። ወንድሟን እንዴት አድርጋ እንደታረቀችው አላውቅም፤ እሱም ከአህዮቹ ኋላ እየነዳ ነበር። ዘሀራ ከዳር ቆማ ታያቸዋለች።

ሉባባን ይሄንን ከምትለፊ ያኔ ዕጣውን ብትደግሚው አይቀልም ነበር ወይ አልኳት። ጣሳዋን ሳታስቀምጥ መለሰችልኝ።

“ዕጣው ዕጣ ነው፣ ጋሼ። ጉርብትና ሌላ ነው። ሁለቱን ከደባለቅናቸው ሁለቱም ይጠፉብናል።”

ተራው እስኪደርስ በየቀኑ አመላለሱ። የዘሀራ ችግኝ የተወሰነው ደረቀ፣ የሚበዛው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ድንጋዩም ወጥቷል፣ አገዳውም ወጥቷል። ዕጣ ለቀረበት ቦይ ችግኝ በባለ ዕጣው ቦይ አህዮች ውሃ ይመላለስለታል። ይሄ የትም አልተጻፈም፤ ተለመደ ብቻ።

እንግዲህ ለለቅሶው ቀን ልመለስ። ጣርማ በርን ወርጄ ሙቀቱ ሲቀበለኝ ሹራቤን አወለቅኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዒድ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጄን ይዞ ቆየ። ሰው ይገባል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይወጣል። እኔ ግን ዓይኔ ደርቆ ነበር፤ ልቤ ያለው ወንዙ ዳር ነው። የዕጣው ሰሞን እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ከሌለች ዕጣውን ማን ያስጥላቸዋል ብዬ ነበር ላፕቶፔን የያዝኩት። ወደ እኩለ ቀን እትዬ ዘሀራ ገባች። ዕድሜ ተጭኗታል። ሰዒድ ፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ውሃው ስለማይጠብቅ ዛሬ ሊጥሉ እንደሆነ ነገረችው፤ ይቆይ ካልክ ግን ይቆያል አለችው። ሰዒድ እህቴም ይቆይ አትልም ነበር አለና አብሮ ተነሳ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ሾላው ሥር ስንደርስ ላፕቶፔን ልከፍት ጀመርኩ። ዘሀራ አየችኝና ጋሽ ጌታሁን ይቀመጡ፣ ይድከሙ አላልንም አለችኝ። የማላውቃቸው ወጣት ገበሬዎች ነበሩ፤ አንደኛው፣ ዘንድሮ መሬት የተካፈለ ባለ አገዳ፣ ይሄ ነገር እንዴት ይታመናል እያለ ይጠይቃል። ዘሀራ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

“እኔን አትመነኝ” አለችው። “ስልክህን አውጣ።”

ከዚያም ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችው። ልጁ ሉባባ ስታስረዳ አይቶ አያውቅም፤ የማን እጅ እንደሆነ አልገባውም።

ራሷ አስተማረችው። ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፣ ላኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ዓይናቸው የደከመው ጋሽ እንድሪስ ከፊታችን ስንት ሰው አለ እያሉ ይጠይቃሉ፣ ሲነገራቸውም ይሁን ይጠበቅ ይላሉ። መልሱ መጣ፤ ተለያየ። አገዳው። ሰው ሁሉ ዘሀራን አያት።

ስልኳን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ሰዒድ ዞረች።

“አህዮችህን ነገ በስንት ሰዓት ትልካቸዋለህ?”

ሰዒድ “ጎህ ሲቀድ” አላት። ድንኳን ውስጥ ያልመጣልኝ ለቅሶ እዚያ ሾላ ሥር፣ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ታቅፌ እንደተቀመጥኩ መጣ።